የውሸቱ ሱቅ

ጥቅምት 6 ቀን

ለማከብርዎ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእማዬስ ዓይን? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ትንሽ ከመክሳቴ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ያከሳኝም የሕንጻው ደረጃ ነው። «ስልክ ላይ እህ እህ ከምል ደብዳቤ ይሻለኛል» ስላሉኝ ይኸው ቃሌን ጠብቄ ጻፍኩ። ለእማዬ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ፎቅ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሱቅ ያለው ኩባንያ ዋናው ቤቱ ውስጥ አንድ ክብሪት እንኳ አይሸጥም። አንዱ ክፍል ዕቃ ያዝዛል፣ አንዱ ዋጋ ይተምናል፣ አንዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ስሞታ ያነባል። ሁሉም ይቸኩላል፤ ወዴት እንደሚቸኩል ግን ገና አልገባኝም።

እኔ የተመደብኩት ምድር ቤት ነው፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። እዚያ አንድ ሙሉ ሱቅ አለ። መደርደሪያው፣ መብራቱ፣ ጋሪው ሁሉ አለ፤ ገዢ ብቻ የለም። በወረቀት ስሙ የሙከራ ሱቅ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው ግን የውሸቱ ሱቅ እያለ ነው። ዕቃው እንዴት እንደሚቀመጥ እኛ እዚያ እንሞክራለን፤ ካማረ ፎቶ ይነሣና ወደ ሁሉም ሱቅ ይላካል፤ ሁሉም እንደ ፎቶው ይደረድራል። እዚህ ሳሙናውን አንድ ክንድ ወደ ግራ ብገፋው፣ እናንተ ሰፈር ያለው ሳሙናም አንድ ክንድ ወደ ግራ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን የነገሩኝ ቀን እግሬ መሬት አልነካም።

አለቃችንን «ሜትር» እንላታለን፤ መለኪያዋ ከአንገቷ አይወርድም። ቁመቴን አየችና «ከእንግዲህ መሰላል አንገዛም» አለች። ተለማማጆች ስድስት ነን። በሰኔ መጨረሻ ሁለታችን እንቀጠራለን፤ አራታችን እንሸኛለን። ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ እትዬ። ጉራ እንዳይመስልዎ፤ ሌሎቹን አይቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሰፈራችሁ ያለው ሱቃችን ሲገቡ አስተውለው ይዩና ይጻፉልኝ። እዚህ ያለነው ሰዎች ፎቶውን እንጂ ሱቁን አናውቀውም።

የምትወድዎ ሎጋ

* * *

ጥቅምት 25 ቀን

ለልጄ ለሎጋ፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ፈጣሪ ከክፉ ዓይንም ከክፉ ባልደረባም ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ የራሱ ጠባይ አለው፤ ተላምደናል። የእናትሽ ዓይን ያው ነው፤ የሰው መልክ ትለያለች፣ ፊደል ግን አትለይም።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «እና ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ሳሙና የት ይሁን እያለ ነው?» አለች። ሳቀች። ቀጥላ «ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ» ያልሽውን ቦታ አስደገመችኝ። ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች፤ እንግዲህ ባትቀጠሪ ሰፈር መልቀቃችን ነው።

ሱቁን አየሁልሽ። እኔ ሱቅ ከገባሁ ቶሎ አልወጣም። እናትሽ እንኳ አታውቅም እንጂ ማንበብ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከስኳር ካርቶንና ከክብሪት ቀፎ ላይ ፊደል እየለቀምኩ። ለምን እንደተማርኩ ሌላ ጊዜ እነግርሽ ይሆናል። ዛሬም የታሸገ ነገር ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ ሻጩ ሲያየኝ «ተቆጣጣሪዋ መጡ» ይላል።

ከረሜላውን ሕፃን እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ቁመት አድርጋችሁታል። ለእናንተ ጥሩ ነው፤ እናቶች ግን ይረግሟችኋል። ብስኩቱ ላይ ደግሞ የዋጋው ወረቀት የተለጠፈው የሚያበቃበት ቀን ላይ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ወይ አያነብም፣ ወይ እኛ እንድናነብ አይፈልግም። ከዘጠኙ ፎቅ ባንዱ የሚሰማ ሰው ካለ ንገሪልኝ።

በርቺ። ከሁለቱ አንዷ ሁኚ።

አክስትሽ

* * *

ኅዳር 22 ቀን

ለማከብርዎ እትዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ደረጃችን ብዛት ይድረስዎ። የብስኩቱን ነገር ለሜትር አነበብኩላት። ደብዳቤውን ነጠቀችኝና ራሷ አነበበችው፤ በማግሥቱ የዋጋው ወረቀት ቦታ እንዲቀየር ለሁሉም ሱቅ ትእዛዝ ወጣ። «ይቺ ሴት የት ነው የምትሠራው?» አለችኝ። ቤቷ አልኳት። «ያሳዝናል» አለች። በእርስዎ ምክንያት ሁለት ቀን ሙሉ ስሜ በመልካም ሲነሣ ሰነበተ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርዎ። ከተለማማጆቹ አንዱን «ዝምታው» እንለዋለን። ጎበዝ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የምፈራው እሱን ብቻ ነው። የዘይቱ መደርደሪያ የእሱ ተራ ነበር። አባቱ ታመመና አራት ቀን መሄድ ነበረበት፤ ፈቃድ ቢጠይቅ ደግሞ ተራው ያልፈዋል። «ሂድ፣ እኔ እሠራልሃለሁ» አልኩት። ያናገረኝ ቸርነት ይሁን ጉራ አላውቅም። ሠራሁለት። ከተመለሰ በኋላ ሳያየው ፈረመበት።

ቢያዩት እንዴት ያምራል። ባለ አሥር ሊትሩን ጀሪካን ሁሉ ከላይ፣ በአንድ ረድፍ፣ መብራቱ በቢጫው ውስጥ እንዲያልፍ አድርጌ ደረደርኩት። እዚህ ጀሪካኖቹ ባዶ ናቸው፤ መደርደሪያው እንዳይጎብጥ ተብሎ ቢጫ ቀለም ብቻ ተቀብተዋል። በሁለት ጣት እያነሣሁ ነው የሰቀልኳቸው። ሜትር ከሩቅም ከቅርብም አየችና ምንም ሳትነካ «ፎቶ አንሡት» አለች። ነገር ሳትነካ ያለፈችው የመጀመሪያው መደርደሪያ ነው አሉ። በታኅሣሥ በሁሉም ሱቅ ይገባል። እባክዎ የእናንተ ሱቅ ሲደርስ ይዩልኝና ምን እንደሚመስል ይጻፉልኝ።

ሎጋ

* * *

ጥር 3 ቀን

ለልጄ ለሎጋ፣

እንደምን ከረምሽ? ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታው፣ መውጫ መግቢያሽን ይባርክልሽ። መልስ ያዘገየሁት ብርዱ ስለያዘኝ ነው።

ዘይትሽ ደርሷል። ከበሩ ስገባ ነው የታየኝ። ያበራል። እናትሽን ይዣት ሄጄ አሳየኋት፤ ጽሑፉን ባታይም ቢጫውን አየችው። «ይሄን ልጄ ናት የሠራችው» ብላ ለማታውቃት ሴትዮ ነገረቻት።

እኛ ለማውረድ ብንቸገርም ሻጩ ያወርድልናል። ደግ ልጅ ነው።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሻል።

አክስትሽ

* * *

ጥር 16 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታዬን ባጭሩ ይቀበሉኝ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አያንብቡላት።

በአንዱ ሱቃችን የዘይት ጀሪካን ከላይኛው መደርደሪያ ወድቆ የአንዲት ሠራተኛ እግር ላይ አረፈ። ሁለት ጣቷ ተሰብሯል። ለደንበኛ ልታወርድ ነበር አሉ። ይህ ከተሰማ በኋላ ከአሥራ አንድ ሱቅ ስሞታ መጣ፤ ዘይቱ አጭር ሰው አይደርስበትም፣ ለረጅምም ከባድ ነው የሚል። ስሞታውን እያነበብኩ የእርስዎ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። «ለማውረድ ብንቸገርም» ብለው ነበር። ያን ጊዜ በደስታ ዘልዬው አልፌዋለሁ። አይተው ነበር አይደል?

አሁን ማን እንደሠራው ይመረመራል። ወረቀቱ ላይ ያለው የዝምታው ፊርማ ነው። ተጠርቶ ተጠየቀ፤ «ፊርማው የኔ ነው» አለ፣ ሌላ ምንም አላለም። እኔ እንደሠራሁት የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። የካቲት 10 ቀን ስድስተኛ ፎቅ ላይ ኃላፊዎቹ ተሰብስበው ይወስናሉ። እሱ ከወደቀ ከሁለቱ አንዷ እኔ መሆኔ ያለቀ ነገር ነው። ሁሉም ይህንኑ ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ አላስተባበልኩም።

አልዋሸሁም፤ የጠየቀኝ የለም። ግን ካንቲን ከሱ ጋር ስንገናኝ ትሪዬን ይዤ ሌላ ጠረጴዛ እሄዳለሁ። ምን ላድርግ እትዬ?

ሎጋ

* * *

ጥር 27 ቀን

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ፈጣሪ ከስብሰባው በፊት ያድርስልኝ።

አዎ፣ አይቼ ነበር። አንዷ ሴትዮ በዱላዋ ጎትታ ልታወርደው ስትል አስቁሜያታለሁ። ሥራሽን ላላጣጥል፣ እናትሽንም ከደስታዋ ላላወርድ ብዬ በጥቅሻ ጻፍኩልሽና ዝም አልኩ። የሠራተኛዋ እግር የኔም ዕዳ ነው። ዝም ማለት ግን ለኔ አዲስ አይደለም፤ አሁን የምነግርሽን ለሰው ነግሬ አላውቅም።

አንቺ ከመወለድሽ በፊት እኔና እናትሽ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ እንሠራ ነበር። እሷ የተማረች ስለሆነች ዕቃው የት እንደሚቀመጥ ትመድባለች፤ እኔ ከጫኞቹ ጋር ሆኜ አስቀምጣለሁ። ለሥራው ማንበብ ያስፈልጋል ሲሉ እችላለሁ ብዬ ነበር የገባሁት። በልጅነቴ ተድሬ ሌላ አገር ስለኖርኩ፣ እዚያ ትንሽ ተምሬያለሁ ስል እናትሽም አመነችኝ። ታናሽ እህቴ ፊት ማይም መሆን ከበደኝ።

እናትሽ የዱቄቱ ክፍል በር ላይ «ሳሙና እዚህ አይግባ» ብላ በትልቁ ጽፋ ለጥፋ ነበር። አንድ ቀን ሳሙና የጫነ መኪና መጣ፤ እሷ ለጉዳይ ወጥታለች። ባዶ ቦታ ያለው እዚያ ክፍል ብቻ ነው። ወረቀቱን አየሁት። ጽሕፈቷ እንዴት ያምራል ብዬ አልፌው አስገባሁ። ካርቶኑ ሲገባ ወረቀቱን ፍቆ ጣለው፤ እኔው ከቆሻሻው ጋር ጠረግሁት።

በሁለት ሳምንቱ ሰማንያ ጆንያ ዱቄት ሳሙና ሳሙና ሸተተ፤ ዳቦ ጋጋሪዎቹ መለሱት። ባለቤቱ ሁለታችንንም አስጠራን። እናትሽ «ጽፌ ለጥፌያለሁ» አለች። ሰውዬው ወደኔ ዞረ። «ጽሑፍ ነበር?» አለኝ። ነበር ብል ለምን አላነበብሽም ሊለኝ ነው። «አላየሁም» አልኩት።

እናትሽ ያኔውኑ ተባረረች። ከዚያ ወዲህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሠርታ አታውቅም። የሰው ልብስ አጥባ ያሳደገችሽ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ እዚያው አሥራ አንድ ዓመት ሠራሁ። ፊደል መልቀም የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ይህን አድርጊ ብዬ አላዝሽም፤ ለማዘዝ አፍ የለኝም። ዝም ብለሽ ብትቀጠሪ ግን ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ። ሥራው ይሠራል። ደመወዙም ይበላል። እህቴን ግን ይኸውና ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ ቤቴ መጥታ ስትቀመጥ ዓይኗን አላያትም። አሁን እሷ በደንብ ስለማታይ ቀለል ብሎኛል፤ ይህንንም ስጽፈው አፈርኩ።

አክስትሽ

* * *

የካቲት 13 ቀን

ለማከብርዎ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ የካቲት 11 ነው፤ ስብሰባው ባለፈ ማግሥት። ስለዚህ ያደረግሁትን ያደረግሁት ሳላነበው ነው፤ ይህን እንዲያውቁልኝ ፈለግሁ።

በ10 ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቃችን አንድ ሙሉ ጀሪካን ዘይት ገዛሁ። እስከ ስድስተኛ ፎቅ በደረጃ ተሸከምኩት፤ ከአሳንሰሩ ይልቅ ደረጃው ጊዜ ይሰጠኛል ብዬ ነው። ሳልጠራ ገባሁ። ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ይሄን መደርደሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ፊርማው የሱ ነው፣ ሥራው የኔ ነው» አልኩ። ከዚያ ትልቁን ኃላፊ፣ እባክዎ ይህን በአንድ እጅ ከራስዎ በላይ አንሥተው ይያዙልን አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ክራቫታቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እኔ ራሴ ስሞክረው ከትከሻዬ አላለፈልኝም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሙሉ ጀሪካን አንሥቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሜትር ስትወጣ በኮሪደሩ ያዘችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «አሥር ዓመት ሙሉ ባዶ ዕቃ አስደርድሬ አንድም ቀን አልከበደኝም» አለችና መለኪያዋን ከአንገቷ አውርዳ ኪሷ ከተተችው። አሁን የውሸቱ ሱቅ ጀሪካን ሁሉ ውኃ ተሞልቷል። ዘይቱም በየሱቁ ወደ ታች ወርዷል።

ዝምታው ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። ባትናገሪ እኔም አልናገርም ነበር አለኝ። ለምን አልኩት። «አባቴን በሕይወት ያገኘሁት በነዚያ አራት ቀናት ነው» አለኝ። እትዬ፣ ካንቲን ውስጥ ከዚህ ሰው ነው ትሪዬን ይዤ ስሸሽ የነበረው።

እኔን ከምድር ቤት አውጥተው ስሞታ የሚነበብበት ክፍል አዛውረውኛል። እግሯ የተጎዳውን ሴት ጽፌ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ መልሷ ቁጣ ነው፣ ይገባኛል። እንቀጠር ይሆን አይሆን የሚታወቀው በሰኔ ነው። ተስፋ አልቆረጥኩም።

ስለ ደብዳቤዎ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ልይዘው አልችልም፤ የተጻፈው ለኔ አይደለም። ከዚህ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ። የኔን ደብዳቤዎች እንደሚያነቡላት ይህንንም ለእማዬ ያንብቡላት፤ መሥመር ሳይዘሉ።

ሎጋ

* * *

ሰኔ 29 ቀን

ለማከብርዎ እትዬ፣

እንዴት ከረሙ? አራት ወር ሙሉ መልስ የለም። እማዬ በስልክ «አክስትሽም ዓይኗን አሟት ማንበብ አቁማለች» አለችኝ። ተቆጣጣሪዋ ዓይኗን አሟት ከሆነ ሱቁ ሁሉ ዓርፏል ማለት ነው። መቆጣት አልፈልግም፤ ግን በዓይንዎ አያሳብቡ።

የኔ ዜና ይኸው። ስም ተለጥፏል። የተቀጠሩት ዝምታውና አንዲት ሒሳብ የምትወድ ተለማማጅ ናቸው። እኔ የለሁበትም። ሰሌዳው ሥር ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ የለሁበትም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወጣሁ።

ከዚያ ሜትር አስጠራችኝ። ከፈለግሽ ከሚመጡት ስድስት አዲስ ተለማማጆች ጋር ዓመቱን እንደገና ጀምሪ አለችኝ፤ በዚያው ደመወዝ፣ በዚያው ምድር ቤት። እሺ አልኳት። ቀጥ ብዬ ቆሜ ነው ያልኩት። የተናገርኩት አንድ ዓመት አስከፈለኝ፤ ውድ ነው፤ ግን ዋጋውን አውቄ የከፈልኩት ነው። በሚመጣው ሰኔ ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኝ።

እማዬ ይህን ከእርስዎ አንደበት ትስማው። በስልክ አልነገርኳትም።

ሎጋ

* * *

ሐምሌ 20 ቀን

ለልጄ ለሎጋ፣

ፈጣሪ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፣ የተናገረ አፍሽን ይባርከው። ዓይኔ ጤነኛ ነው። ዋሽቼ ነበር።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እናትሽ እኔው ዘንድ ነበረች። በዓይኔ ፈጥኜ ጨረስኩት፤ ገጹን ስገለብጥ ሰምታ «ዓይንሽ ድኗል እንዴ? አንብቢው እንጂ» አለችኝ። ይህን ለመረዳት የፊተኞቹ ያስፈልጉሻል፣ እስካሁን የዘለልኳቸው አሉ አልኳት። ከጥር ጀምሮ ያሉትን አወጣሁና በየተራቸው አነበብኩላት። ጣቷ የተሰበረውን ሴት። የፈረመውን ልጅ። እጄ ላይ ቀጥሎ የነበረው አንቺ የመለስሽልኝ የራሴ ደብዳቤ ነው። አንቺ አንድ ዓመት ከፍለሽ የተናገርሽውን ይዤ የራሴን ልዘል አልቻልኩም። አነበብኩት። «አላየሁም አልኩት» የሚለው ቦታ ስደርስ ውኃ ጠጣሁና ቀጠልኩ። ከሱ አስከትዬ የስብሰባሽንና የሰኔውን አነበብኩላት።

ስጨርስ ስለ መባረሯ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ሌላ ነው የተናገረችው።

«ማንበብ አልችልም ብትይኝ ኖሮ አስተምርሽ ነበር» አለችኝ። «አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንኖረው። አስተምርሽ ነበር።»

ተነሥታ ሄደች። ስምንት ቀን አልመጣችም። መንገድ ላይ ሰላም ብያት እያወቀችኝ አለፈችኝ። በዘጠነኛው ቀን፣ ዛሬ ጠዋት፣ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ተቀመጠችና «ወረቀት አምጪ፣ ለልጄ የምጽፈው አለኝ» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ አንድም አልቀነስኩም።

«ልጄ፣ እናትሽ ነኝ። ያደረግሽውን ሰማሁ። እኔ ወልጄሽ እንደሆነ ለማንም መጠየቅ የለብኝም። ለጎረቤት አንድ ዓመት ጨመሩላት ብያለሁ፤ ውሸት አይደለም። ምግብ ብዪ፣ እንደዚያ መክሳት ጥሩ አይደለም። ያቺን ሴት ዳግመኛ ጻፊላት፤ ብትቆጣም ጻፊላት። ስለ አክስትሽ የምለው፣ በጣም ተቆጥቻታለሁ።»

እዚህ ላይ ብዕሬን አቆምኩ።

«ጻፊው» አለችኝ። ጻፍኩት።

«አሰምሪበት» አለችኝ።

ጠበቅ አድርጌ አሰመርኩበት። ወረቀቱን ተቀበለችኝና መሥመሩን በጣቷ ዳብሳ ፈለገችው። አገኘችው። ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ ወረቀቱን መለሰችልኝና «ቀጥዪ፣ ገና አልጨረስኩም» አለችኝ።